ከመርሳ እስከ ወልድያ ስላለው መንገድ፥ ስለ ነጂውና ስለ መንግሥት ድጋፍ

ፈተና ባለቀ ማግሥት ወደ ሰሜን ወሎ የምንሄድ ልጆች ሻንጣችንን ተሸክመን መናኸሪያ ስንሰለፍ የምንነጋገረው ሁልጊዜ ስለ ታሪፍና ስለ ወንበር ነው። ስለሚነዳን ሰው ግን አንጠይቅም። ማን አስተማረው፥ ሌሊቱን ተኝቶ አድሯል ወይ፥ ፍሬኑን መቼ አስመረመረ፥ ብንጎዳስ የሚያሳክመን ማነው የሚለው ጥያቄ የሚነሣው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጠያቂዎቹ እኛ ሳንሆን ወላጆቻችን ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ መንግሥት ለመንገድ ትራንስፖርት የሚሰጠው ድጋፍ ምን ምን እንደ ሆነ፥ ነጂ እንደ ምን ነጂ እንደሚሆንና ሕጉ ለተጎዳ ሰው ምን እንዳዘጋጀለት፥ በምናውቀው መንገድ ላይ ቆመን ለባልንጀሮቻችን ለማስረዳት አስበናል።

መንገዱን ለማያውቁ በአጭሩ እንግለጸው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፥ በጣርማ በር ዋሻ፥ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ሐይቅንና ውጫሌን ተከትሎ ወደ ሰሜን የሚሄደው ዋና መንገድ ውርጌሳን ካለፈ በኋላ የሐብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው መርሳ ይገባል። ከዚያ በሲሪንቃ በኩል ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ወልድያ ነው። ወልድያ ላይ መንገዱ ይከፈላል። አንዱ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ወደ መቀሌ ያልፋል፤ ሌላው የድልብን ዳገት ወጥቶ በጋሸና በኩል ወደ ወረታና ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ለትግራይም ሆነ ለላስታ የሚጫን ሲሚንቶ፥ ዱቄትና ነዳጅ ብዙው በመርሳ ከተማ መካከል፥ በማንጎ ሻጮችና በአህያ ነጂዎች አጠገብ ነው የሚያልፈው።

የዋናውን መንገድ መልክ ያወጡት ኢጣሊያኖች ናቸው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆዩበት ጊዜ አሥመራን ከአዲስ አበባ ለማገናኘት ሠሩት። ያሰቡት ለካሚዮንና ለወታደር እንጂ ለመርሳ ገበሬ አልነበረም። እነርሱ ከወጡ በኋላ መንገዱ በዝናብና በጥገና እጦት ተበላሽቶ ስለ ነበር የኢትዮጵያ መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ አምስት ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ለመንገድ ተበደረ። ይህ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች የመጀመሪያዎቹ መካከል ነው። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። ወደ ወረታ የሚሄደውን ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ርዳታ ቻይናውያን ሠሩት፤ ሥራው የተካሄደው በደርግ ዘመን ነው። እስከ ዛሬም የአገሬው ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። ዛሬ በየቦታው የቻይና ኩባንያ ስላለ ስሙ አዲስ ይመስላል እንጂ የኛው ቻይና መንገድ ከብዙዎቻችን ወላጆች ጋር እኩያ ነው።

መንገድ የሚያመጣው ሸቀጥ ብቻ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኀብ በገባ ጊዜ ገበሬዎቹ ከቆላና ከደጋ ወርደው የተሰበሰቡት በዚሁ ዋና መንገድ ዳር ነበር። አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው የሄዱ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢው ውስጥ ባሳዩ ጊዜ የተደበቀው ነገር ተገለጠ። መንገዱ ባይኖር ኖሮ ረኀቡ በየጎጆው ውስጥ ሳይታይ ያልቅ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ስለ አደጋ ብዙ የምንጽፈው መንገድን ጠልተን እንዳልሆነ አንባቢ እንዲያውቅልን ይህን ቀድመን ተናገርን።

አሁን ወደ ድጋፉ እንግባ። የመንግሥት ድጋፍ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አስፋልት ነው። በእርግጥም ትልቁ ገንዘብ የሚሄደው ወደዚያ ነው። በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ዘርፍ ልማት መርሐ ግብር ሲጀመር በአገሪቱ የነበረው መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ ብዙው ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኝ የጠጠር መንገድ ሲሆን፥ በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ያመጣው ነው። የሐብሩ ቆላ ገበሬ ሽንኩርቱን በአህያ ፈንታ በአይሱዙ ማውጣት የቻለው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ድጋፍ የማይታየው ነው። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የመንገድ ፈንድ ተቋቋመ፤ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ከየሊትሩ የተወሰነ ሳንቲም ለዚህ ፈንድ እንዲገባ ተደረገ። ነገሩ ቀላል ነው፤ በመንገዱ የሚጠቀም ሰው መንገዱን ይጠግን ማለት ነው። ብዙ የሚነዳ ብዙ ነዳጅ ይቀዳልና ብዙ ይከፍላል። አዋጁ ገንዘቡ ለመንገድ ጥገና ብቻ ሳይሆን ለመንገድ ደኅንነትም እንዲውል መደንገጉን ልብ ማለት ይገባል። እኛ ግን በመንገዳችን ላይ የምናየው ጉድጓድ ሲደፈን ነው፤ የእግረኛ መሻገሪያ ቀለም ሲቀባ፥ በትምህርት ቤት ደጃፍ የፍጥነት መቀነሻ ሲሠራ የምናየው ጥቂት ነው። ጉድጓዱ ሲደፈን ደግሞ መኪናው ይፈጥናል። ጥገና ያለ ደኅንነት አንዳንዴ አደጋን ያበዛል የምንለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተጀመረው የታለመ የነዳጅ ድጎማ ነው። ከዚያ በፊት መንግሥት የነዳጅን ዋጋ ለሁሉም እኩል ይደጉም ነበር፤ የቤት አውቶሞቢል ያለው ሰውና በሕዝብ አውቶቡስ የሚሄደው ድኻ በአንድ ዋጋ ይጠቀሙ ነበር። አዲሱ አሠራር ድጎማውን ከግል መኪና አንሥቶ ለሕዝብ ማመላለሻ ብቻ እንዲቀርና እርሱም በየጊዜው እየቀነሰ እንዲሄድ አደረገ፤ ክፍያውም በቴሌብር ሆነ። ሐሳቡን እንደግፋለን። ነገር ግን የድጎማው ጥቅም ከባለ መኪናው አልፎ ለተሳፋሪው መድረሱን የሚቆጣጠረው የታሪፍ ሰሌዳ ነው፤ ሰሌዳው ደግሞ በበዓል ዋዜማ የሚከበር ነገር እንዳልሆነ የኛ አንባቢ አይጠፋውም።

እንግዲህ ሦስቱም ድጋፎች ለመንገዱና ለጎማው ናቸው። መሪውን ለያዘው ሰውስ?

በድሮ ጊዜ ሾፌርነት የሚገኘው በረዳትነት ነበር። ልጁ በአሥራ አምስት ዓመቱ ካሚዮን ላይ ይወጣል፤ ጎማ ይፈታል፥ ከመነዳሪ ይለጥፋል፥ ዕቃ ይጭናል፥ ሌሊት መኪና ይጠብቃል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሾፌሩ ሲደክመው ሜዳ ላይ መሪውን ይሰጠዋል። የኢትዮጵያ ሾፌር ቋንቋ ዛሬም ያንን ዘመን ይመሰክራል፤ ፍሬን፥ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ባሌስትራ፥ ቸርኬ፥ ሊብሬ፥ ቦሎ ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የቀሩ ቃላት ናቸው። የረዳትነት ትምህርት ብዙ ግፍ ነበረበት፤ ደመወዝ የለውም፥ ስድብ አለበት። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምር ነበር፤ መንገዱን። ረዳት የነበረ ሰው የትኛው ኩርባ ላይ ጭጋግ እንደሚቆም፥ የትኛው ዳገት በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ መጽሐፍ ሳያይ ያውቀዋል።

በአዋጅ ቁጥር 600/2000 ይህ ተለወጠ። መንጃ ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ተቋም ገብቶ የንድፈ ሐሳብና የተግባር ትምህርት እንዲወስድ፥ ከዚያም በመንግሥት አካል እንዲፈተን ተደነገገ። በ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1074 ተተካበት። ፈቃዱ እንደ ተሽከርካሪው ዓይነት ይለያል፤ ሞተር ሳይክል፥ አውቶሞቢል፥ ሕዝብ፥ ደረቅ ጭነት፥ ፈሳሽ ጭነት፥ ልዩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ እየተባለ። ለትምህርት ደረጃ፥ ለዕድሜና ለጤና ምርመራም መመዘኛ አለ። በሕጉ በኩል የምንነቅፈው ጥቂት ነው፤ ከረዳትነቱ ልማድ የተሻለ ነው።

ችግሩ ያለው በሥልጠናው ሜዳ ነው። ሠልጣኙ የሚማረው በተስተካከለ ሜዳ ላይ በተተከሉ ምልክቶች መካከል ወደ ኋላ መንዳት፥ ማቆም፥ በትንሽ ዳገት ላይ መነሣት ነው። ከዚያም በከተማ አስፋልት ላይ በቀን ብርሃን ይፈተናል። የሚሠራበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ሌሊት በዝናብ ከድልብ ዳገት ቁልቁል፥ ሙሉ ጭነት ይዞ፥ ከፊቱ መብራት የሌለው ጋሪ፥ ከጎኑ ገደል። ለዚህ ማንም አላሠለጠነውም።

ቁልቁለት ለምን እንደሚገድል ማወቅ ለተሳፋሪም ይጠቅማልና ጥቂት እንቆይበት። ፍሬን የሚሠራው በሰበቃ ነው፤ የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። አሥር ሺህ ኪሎ የሚመዝን ካሚዮን ከአንድ ተራራ ላይ 500 ሜትር ዝቅ ብሎ ሲወርድ የሚያወጣው ጉልበት ሁሉ ሙቀት ቢሆን፥ ከ140 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። ነጂው ፔዳሉን ሳያነሣ ከወረደ ይህ ሁሉ የሚያርፈው በጥቂት የፍሬን ሸራዎች ላይ ነው። ሸራው ሲግል መያዙን ያቆማል፤ ፔዳሉ ይረገጣል፥ መኪናው አይቆምም። በማግሥቱ «ፍሬን በጠሰበት» ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የተበጠሰ ነገር የለም፤ ፍሬኑ ተቃጥሎ ነው። መድኃኒቱ በዳገቱ ራስ ላይ ሳይወርዱ በፊት ከባድ ማርሽ ማስገባትና መኪናውን ሞተሩ እንዲይዘው ማድረግ፥ ፍሬኑን አልፎ አልፎ ብቻ መርገጥ ነው። የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት ለዚህ ነበር። ዛሬ ግን አንዳንዱ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ፎሌ አድርጎ ይለቀዋል። የሚቆጥበው ነዳጅ ጥቂት ነው፤ የሚያጣው ግን መኪናውን የሚይዝለትን ሞተር ነው። ተሳፋሪ ይህን በጆሮው መለየት ይችላል። በቁልቁለት ላይ የሞተሩ ድምፅ ከጮኸ መልካም ነው፤ ጸጥ ካለና ጎማው ብቻ ከተሰማ መናገር ይገባል።

የፍጥነትም ነገር እንዲሁ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶሞቢል ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ በደረቅ አስፋልት 9 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ግን 36 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የማቆሚያው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ ነጂው ልጁን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፥ በ80 ኪሎ ሜትር ያ ሰከንድ ብቻውን 22 ሜትር ነው። ጭነት የያዘ ካሚዮን፥ ጎማው ያለቀ፥ መንገዱ እርጥብ ሲሆን ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ዋናው መንገድ መርሳን መካከሏን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገሩትን ያየ ሰው እነዚህን ቁጥሮች በቀላሉ አይረሳቸውም።

ነጂውን ብቻ እንዳንወቅስ አንድ ያየነውን እንናገር። ከመርሳ ወደ ወልድያ በተሳፈርንበት አንድ ቅጥቅጥ ውስጥ ወንበር ሞልቶ በመተላለፊያው ላይ በዱካ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ። አንዲት አሮጊት «ኧረ በአላህ ልጄ፥ ቀስ በል፤ እኛ የምንቸኩልበት የለንም» አሉት። ሾፌሩም ሳይቆጣ «እማማ፥ እርስዎ የለዎትም፤ እኔ ግን ሳይመሽ ሁለት ዙር ቀርቶኛል» አላቸው። ብዙው የሕዝብ ማመላለሻ ነጂ ለባለ ንብረቱ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ማስገባት አለበት፤ የራሱ ድርሻ ከዚያ የተረፈው ነው። ስለዚህ ትርፍ ሰው መጫንና መፍጠን ጠባዩ ሳይሆን ደመወዙ ነው። በትራፊክ ደንቡ ጥፋቱ በሪከርድ እየተመዘገበ መንጃ ፈቃዱ እስከ መታገድ ሊደርስ ይችላል፤ ባለ ንብረቱ ግን ሌላ ነጂ ይቀጥራል። ቅጣቱ ወደ ቀጣሪው ካልተሻገረ፥ ወይም ነጂው ቋሚ ደመወዝ ካላገኘ፥ የትራፊክ ፖሊስ በየኬላው የሚሰበስበው የቅጣት ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ሕዝቡ ለመኪናዎቹ ያወጣላቸውን ስም እዚህ ላይ ሳናነሣ አናልፍም። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር»፥ አይሱዙን «አልቃኢዳ» ይላቸዋል። ሰው በሚስቅበት ነገር የሚፈራውን ይናገራል። የነዚህን ከባድ መኪናዎች ቁጥር ሊቀንስ የሚችል አንድ ነገር በደጃችን አለ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ ድረስ 392 ኪሎ ሜትር የሚሄደው የባቡር መሥመር ሥራው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን፥ ጦርነቱ ሲደርስበት ገና መደበኛ አገልግሎት አልጀመረም ነበር። አንድ የጭነት ባቡር ስንት ካሚዮን ከመርሳ አደባባይ እንደሚያስቀር ማሰብ ነው።

ስለ ጦርነቱ ከተነሣ፥ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ሥር ሳሉ የጤና ተቋሞቻችን ተዘርፈዋል። ይህን የምናነሣው ለፖለቲካ ሳይሆን የመንገድ ደኅንነት ግማሹ በሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ ነው። ደም የሚፈሰው ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ካልታከመ ጥሩ ሕግ አያድነውም። ቍጥሩም ይህንኑ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጅ 2018 ባወጣው መግለጫ በ2016 በኢትዮጵያ በመንገድ አደጋ ሞቱ ተብለው በመንግሥት የተመዘገቡት 4,352 ናቸው፤ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ግን 27,326 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሃያ ሁለት ሺህ ይበልጣል። ግምት ግምት ነው፤ ሊበዛም ሊያንስም ይችላል። ነገር ግን አደጋው ፖሊስ ሳይደርስበት የቀረ፥ ወይም በቃሬዛ ወደ ቤቱ ተወስዶ ከሳምንት በኋላ ያረፈ ሰው በየትኛው መዝገብ እንደሚገባ የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ መገመት ይችላል።

ለተጎዳ ሰው ሕጉ ያዘጋጀለት ነገር አለ፤ ብዙ ቤተሰብ ግን አያውቀውም። በ2000 ዓ.ም. በወጣው፥ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 በተተካው ሕግ መሠረት ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ በመንገድ ላይ መንቀሳቀስ አይፈቀድለትም። የተጎዳ ሰው የድንገተኛ ሕክምና ያገኛል፤ የጤና ተቋሙም በገንዘብ ምክንያት ሊመልሰው አይገባም። ከዚያ በላይ ለአካል ጉዳትና ለሞት ካሣ አለ። የገጨው መኪና ሮጦ ቢጠፋ ወይም መድን የሌለው ሆኖ ቢገኝ እንኳ ካሣውን የሚከፍል የመድን ፈንድ በመንግሥት ተቋቁሟል። ፈንዱ የሚሰበሰበው ከመድን ገቢው ላይ ከሚነሣ ገንዘብ ነው። ይህ ከአስፋልቱም ከድጎማውም ይልቅ የሚያስመሰግን ድጋፍ ነው ብንል አናፍርም። ነገር ግን ካሣ የሚያገኘው የጠየቀ ነው፤ ለመጠየቅም የፖሊስ ማስረጃ፥ የሕክምና ማስረጃና የሚቻል ከሆነ የታርጋ ቍጥር ያስፈልጋል። በሐብሩ ገጠር ልጁ የተገጨበት ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ በሽማግሌ ይስማማል። ሽምግልናው ቂምን ያበርዳል፥ መልካም ነው፤ ነገር ግን የመድኑን ገንዘብ ለማንም ሳይከፈል ያስቀረዋል። ሁለቱ እንደማይጣሉ፥ ታርቆም ካሣ መጠየቅ እንደሚቻል በዕረፍት ጊዜ ለወላጆቻችን የምናስረዳው እኛ ካልሆንን ሌላ ማን ይሆናል?

የቀረው የራሳችን ነገር ነው። የመጨረሻው ፈተና ባለቀበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ መናኸሪያ እንወርዳለን። መኪና ያንሳል፥ ደላላ ይነሣል፥ ታሪፍ እጥፍ ይሆናል፤ ማታ ከመናኸሪያ ውጭ የሚነሣ፥ ስምሪት ያልወሰደ ሚኒባስም ያን ዕለት ይገኛል። ነጂው ከሌላ ጉዞ የተመለሰ፥ ያልተኛ ነው፤ ለመንገድ የቸኮልነው እኛው ነን። የተማሪዎች ማኅበር የጉዞውን ስም ዝርዝር ከሁለት ሳምንት በፊት በየዞኑ ሰብስቦ፥ መውጫውን በሦስት ቀን ከፍሎ፥ ከትራንስፖርት ቢሮ ጋር ተነጋግሮ በቀን የሚነሡ ባለ ስምሪት አውቶቡሶች እንዲመደቡ ቢያደርግ ወጪው ወረቀትና ጥቂት የስልክ ጥሪ ብቻ ነው። የሰሜን ወሎ ልጆች ዝርዝራችንን ጀምረናል፤ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆችም በዚያው መንገድ ስለሚሄዱ ስማቸውን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቢያስመዘግቡ በአንድ አውቶቡስ እንበቃለን።